ቦርከና ሪኖ ላይ ሲነቃ

በአላህ ስም እጀምራለሁ።

እኔ ብዙ አላወራም። ባለቤቴ ሰዒድ «አንቺ ስልክ ላይ እንኳ ሦስት ቃል ነው የምትናገሪው» እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ሰኞ የሆነውን ግን ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ ከበደኝ። ስለ አንዲት ትልቅ ሴት ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው አይናገሩም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ልጄ ሀያት የተወለደችው በሰባተኛ ወሯ ነው፣ እዚሁ ላስቬጋስ። ያኔ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር። ሀያት ጡት መሳብ አትችልም። ሆዷም ወተት አይቀበልም። የምትመገበው በደም ሥሯ ነበር፤ በየማታው ቢጫ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ይመጣላትና ይሰቀልላታል። ከረጢቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ስሟ፣ ክብደቷ፣ ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ቅባቱ ሁሉ በቁጥር ተጽፏል። ከዱዓ በቀር የማደርግላት ነገር ስላልነበረኝ ያንን ወረቀት ደጋግሜ አነብ ነበር።

አንድ ማታ ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል አየሁ። «ቦርከና» ይላል።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ቦርከና የከተማችን ወንዝ ነው። ነርሷን ጠየቅኋት። «ከሚያዘጋጁት ፋርማሲ የመጣ ኮድ ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላወቀችም። ሀያት ድና ስትወጣ የመጨረሻውን ወረቀት ልጬ ወሰድኩት። ቁርኣኔ ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ዓመታት አለፉ። ሺፍቴን እያቀያየርኩ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒዩተር ተማርኩ። ስጨርስ ከቻይናታውን ጀርባ፣ መጋዘኖቹ ካሉበት ሰፈር፣ አንድ ፋርማሲ ሠራተኛ እንደሚፈልግ አነበብኩ። ስሙ ወረቀቴ ላይ ያለው ስም ነበር። አመለከትኩ።

ለሥራው ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ እትዬ ንግሥት ነበሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ሲያልቅ በአማርኛ «ከየት ነሽ?» አሉኝ።

«ከኮምቦልቻ።»

«እንዴ! በወጣትነቴ የስልክ ቴክኒሻን ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ግርጌውን አዩ። ቃሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማሽኖቹን የሰየምኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ሁለቱንም በወንዞቻችን። ፈረንጆቹ ሲጠሩት ምላሳቸው ይታሰራል፤ ይታሰር። ልጅቷስ?»

«አለች፣ አልሐምዱ ሊላህ። አንደኛ ክፍል ናት።»

«ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ቨርቹዋል ማሽን ማለት ገላ የሌለው ኮምፒዩተር ነው። ብረቱን ብትፈልጊ አታገኚውም። ይኼ ትልቅ የዲስክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ነው፤ ሰርቨሩ ሲያነቃው ማሽን ይሆናል። ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ቦርከና፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ ከሞተ ሃያ ሁለቱም አብረው ሞቱ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ሪኖ ሌላ ሳጥን አለን። እዚህ የተጻፈው በየአምስት ደቂቃው እዚያ ይቀዳል። ቬጋስ ጉድ ቢሆን ሪኖ ላይ እናነቃቸዋለን።»

ሪኖ በዚሁ ግዛት ወደ ሰሜን ጫፍ ያለ ከተማ ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ይወስዳል። የአንዱ ከተማ ችግር ሌላው ጋ እንዳይደርስ ነው የተራራቁት።

አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ሳጥኑ በክፍሎች የተከፋፈለ ነው። የሚቀዳ ክፍል አለ፤ ለሙከራ የተተወ የማይቀዳ ክፍልም አለ። ማሽኑ የሚጠበቀው በስሙ ወይም በአስፈላጊነቱ አይደለም፤ በተቀመጠበት ክፍል ነው። ወደማይቀዳው ክፍል ከተዛወረ ሥራውን እንደወትሮው ይሠራል፣ ማንም ልዩነቱን አያይም፤ ሪኖ ግን አያውቀውም።

ስለዚህም አንድ ትልቅ ደብተር ነበራቸው። ፊት ለፊቱ በአደጋ ጊዜ የሚደረገው በቅደም ተከተል ተጽፏል። ከኋላው ማንም ሰው አንድ ነገር ሲያዛውር ምን፣ ከየት፣ ወዴት፣ ለምን ብሎ ይጽፋል። ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ጠዋት ሪኖ ላይ ያሉትን ግልባጮች ለብቻቸው በታጠረ ኔትወርክ ያነቃሉ፤ ከዚያ ከደብተሩ ስም ይጠራሉ። እኔ ስክሪኑን አይቼ እመልሳለሁ።

«ዓባይ?»

«አለ።»

«አዋሽ?»

«አለ።»

ሠራተኛው ሁሉ ይስቅ ነበር። የፋርማሲው ኃላፊ ማሪቪክ፣ ፊሊፒናዊት ናት፣ በበሩ ስታልፍ «ዛሬም አስተማሪዋ ተማሪ እየቆጠረች ነው» ትላለች። እትዬ ንግሥት ግን አይስቁም።

«በየወሩ ማድረጉ አይበዛም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«አንቺ በቀን አምስቴ ትሰግጃለሽ፤ በዛብኝ ብለሻል?» አሉኝ። «እዚያ የተኛውን ካልቀሰቀስሽው መኖሩን በምን ታውቂያለሽ?»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሐሙስ ነበር። ቦርከና ያለበት ክፍል ሊሞላ ተቃረበ። ቦርከና የሕፃናቱን ቀመር የሚያሰላው፣ ወረቀቱንም የሚያትመው ማሽን ነው፤ ክፍሉ ከሞላ ይቆማል። ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ቦታ አጽድቼ በማግስቱ ልመልሰው አስቤ ወደማይቀዳው ክፍል አዛወርኩት። ደብተሩን አነሳሁ። ግን ያ ደብተር በእትዬ ንግሥት ጽሑፍ የተሞላ፣ ያለቀለት ሥራ ብቻ የሚታይበት ነው። ጅምር ሥራ መጻፍ አሳፈረኝ። ስመልሰው አንድ ላይ እጽፈዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ ቦታውን አጸዳሁ። ማዛወሩን ሳልጀምር የጁምዓ ሰዓት ደረሰ፤ ወጣሁ። ከጁምዓ በኋላ ሀያትን ከትምህርት ቤት አመጣሁ። ቅዳሜና እሑድ ረሳሁት። ሰኞ ስገባ ፕሪንተር አልሠራ ብሎ ስታገል ረፈደ። እትዬ ንግሥት በዚያ ቀን አልነበሩም። የዐይን ሞራቸውን ለማስወጣት ጠዋት ኦፕሬሽን ነበራቸው።

ረፋዱ ላይ ከሰርቨር ክፍሉ የሚንጠባጠብ ድምፅ ሰማሁ።

በሩን ስከፍት ኮርኒሱ ወድቋል። የጣሪያው ኤሲ የውሃ ማስወገጃ ቧንቧ ተደፍኖ ውሃው ሲጠራቀም ሰንብቷል፤ አሁን ጣሪያውን በስቶ በሳጥኑና በሰርቨሮቹ ላይ እየወረደ ነው። የኔትወርኩ ዕቃ በሌላው ጥግ ስለነበር ተርፏል። የሳጥኑ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ሮጬ የሳጥኑንና የሰርቨሮቹን ኤሌክትሪክ አጠፋሁ።

ማሪቪክ ከነጓንቷ መጣች። «ዘይነባ፣ ስክሪኑ ሁሉ ቆመ!»

«ውሃ ገብቶበት ሳጥኑ ሞቷል።»

«የምን ውሃ? ቬጋስ ውስጥ? ዝናብ ካየሁ ስንት ወር ሆነኝ!»

ጣቴን ወደ ጣሪያው ቀሰርኩ። ቀና ብላ አየች።

«ዛሬ ስንት ሕፃን ነው?» አልኳት።

«አርባ አንድ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪኖቹ መውጣት አለባቸው። ትናንት የተሰቀለላቸው ዛሬ ማታ ያልቃል።»

ለእትዬ ንግሥት ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። መልእክት ትቼ ደብተሩን አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ። ከዚያ ላፕቶፑን ክፈቺ።»

ቁጭ አልኩ። ውሃ ጠጣሁ። በላፕቶፑ ሪኖ ገባሁ። የሃያ ሁለቱ ስም ተደርድሯል። የመጨረሻው ግልባጭ የተቀዳው ሳጥኑ ከመሞቱ ከአራት ደቂቃ በፊት ነው ይላል። ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ... ዐይኔ ወደ ታች ሲወርድ ቦርከና ላይ ደረሰ፤ ያኔ ሐሙስ ትዝ አለኝ።

በደህና ቀን ቢሆን ያልተቀዳ ማሽን አጠገብ ቢጫ ምልክት ይታያል። አሁን ግን ከቬጋስ ጋር ያለው ግንኙነት ስለተቋረጠ ሁሉም ቀይ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ። ዲስኩ ከስሙ ጋር መኖሩ የሚታወቀው ሲነሳ ብቻ ነው።

አልዋሻችሁም። ባልናገርስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሳጥኑ ሞቷል፤ የት እንደነበር ማን ያያል? ውሃው ነው ያጠፋው ይባላል። ግን አርባ አንድ እናቶች ከረጢቱን እየጠበቁ ነው። እኔ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቀዋለሁ።

«ማሪቪክ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ» አልኳት። «ቦርከናን ሐሙስ ዕለት ወደማይቀዳ ቦታ አዛውሬው አልመለስኩትም። የእኔ ጥፋት ነው። ሪኖ ላይነሳ ይችላል።»

«ባካፕስ፣ ለብቻ የሚቀመጠው ቅጂስ?»

«የቅዳሜ ማታ ነው። የዛሬ ትእዛዝ አንዱም የለበትም።»

አፍጥጣ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ካልተነሳ መቼ ነው የምናውቀው?»

«ከሃያ ደቂቃ በኋላ።»

«ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም» አለችና ወደ አዳራሹ ዞረች። «ሁላችሁም ስልክ አንሱ! ለሁሉም ሆስፒታል ይደወል። የዛሬውን ትእዛዝ ከአንድ ጀምራችሁ በወረቀት ጻፉ። መልሳችሁ አንብቡላቸው!»

እኔም ቢስሚላህ ብዬ ሪኖ ላይ ማንቂያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ማሽኖቹ በቡድን በቡድን ነው የሚነሡት። መረጃ የያዙት ይቀድማሉ፤ እነሱ ላይ የሚደገፉት ይከተላሉ። ቦርከና ከመጨረሻዎቹ ነው። እየጠበቅሁ ሳለሁ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ሬይ ትልቅ ማራገቢያ አቅፎ ገባ። ልቡ ጥሩ ሰው ነው።

«ሳጥኑን ጠርጌ አደረቅሁት። ኤሌክትሪኩን ልመልስልሽ?»

ደብተሩ ላይ በቀይ የተጻፈውን አየሁ፦ «ሪኖ መነሣት ከጀመረ የቬጋሱን ሳጥን ማንም እንዳያበራ። ኬብሉ ይነቀል።» ምክንያቱን እትዬ ንግሥት አስረድተውኛል። ሁለቱም ከነቁ ሁለት ቦርከና ይኖራል፤ አንዱ ለአንድ ሕፃን አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላው ሌላ። የትኛው እውነት እንደሆነ ማን ይለያል?

«አይሆንም፣ ሬይ!» አልኩት። ጮኼ መናገሬ ለራሴም ገረመኝ። ሄጄ ኬብሎቹን በእጄ ነቀልኩ።

ስመለስ ማሪቪክ ደብተሩን ይዛ ከወንበሬ ጎን ቆማለች። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፉት።

«እኔ ልጥራ፤ አንቺ መልሺ» አለችኝ። «ዓባይ?»

«አለ።»

«አዋሽ?»

«አለ።»

«ተከዜ?» ተኬዚ ብላ ነው የጠራችው። መሳቅ አልቻልኩም።

«አለ።»

አንድ በአንድ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይዞራሉ። ባሮ አለ። ገናሌ አለ። ኦሞ ዘገየ፤ አለ። ከኋላችን ፋርማሲስቶቹ በስልክ ቁጥር ሲያነቡ ይሰማል። ሃያ ስም ተጠራ።

«ቦርከና?»

ቀይ ነው። አልመለስኩም። ማሪቪክም አልደገመችውም። ያ ጥበቃ ሀያት የመተንፈሻ ቱቦዋ የተነቀለላት ቀን ያለውን ይመስል ነበር። ከንፈሬ ብቻ በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

ቢጫ ሆነ። ቆየ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

ማሪቪክ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየችና በራሷ አፍ፣ በአማርኛ፣ «አለ!» ብላ ጮኸች። ለካ በየወሩ በበሩ ስታልፍ ስትሰማ ቃሉን ለምዳዋለች። ሃያ ሁለተኛውም ተከትሎ ተነሣ።

ቦርከና ሪኖ ላይ ለምን እንደተገኘ አልገባኝም። ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረም። የዛሬውን ትእዛዝ ከፍተን ማሪቪክ በስልክ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ጀመረች። አርባው ልክ ነው። አንዱ ላይ እጇ ቆመ።

«ይቺን ሕፃን እዪ። ነርሷ በስልክ የነገረችን ስኳር ዝቅ ያለ ነው። ሪኖ ላይ ያለው ከፍ ያለው ነው።»

ደውላ አጣራች። ሐኪሙ ትእዛዙን የቀየረው ሳጥኑ ከመሞቱ ከሁለት ደቂቃ በፊት ነበር። የመጨረሻው ግልባጭ ደግሞ ከአራት ደቂቃ በፊት። ለውጡ እዚያች ክፍተት ውስጥ ወድቆ ቀርቷል። በእጅ አስተካክለው ሁለት ፋርማሲስቶች ፈረሙበት።

የመቀመሚያው ክፍል ሥራ ከጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተ። እትዬ ንግሥት ናቸው፤ አንድ ዐይናቸው በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። ዊትኒ ከሚባለው ሰፈራቸው ድረስ «ዶክተሩ ተኚ ብሏታል፣ ነግሬያታለሁ» እያሉ ሲያጉረመርሙ እንደመጡ ያስታውቃል።

ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። «አምስቱ ደቂቃስ?» አሉ።

«አንድ ትእዛዝ አምልጦ ነበር። ተገኝቷል፤ ተስተካክሏል።»

«ኬብሉስ?»

«ተነቅሏል።»

«ውሃ ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ።»

ያኔ ነው ወንበር ስበው የተቀመጡት። ኪቦርዱን አቀረብኩላቸው። በእጃቸው መለሱት። «ያንቺ ነው። እኔ አንድ ዐይን ነኝ፤ አንቺ አንብቢልኝ።» ከታተሙት ወረቀቶች የዚያችን ሕፃን አነሳሁና ስሟን ሸፍኜ ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ የመጨረሻው መኪና ወጣ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ስለ ሐሙስ፣ ስለማይቀዳው ክፍል፣ ስላልጻፍኩት ደብተር። አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«ቦርከና ለምን እንደተነሳ አሁንም አላወቅሁም፣ እትዬ ንግሥት። አላህ ሸፈነኝ።»

«የደብተሩን ጀርባ አይተሻል?»

«አላየሁም። የፊቱን ብቻ ነው ያነበብኩት።»

«ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። የመጨረሻው ጽሑፍ የዓርብ ነው። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ሌላው ሠራተኛ እንዲረዳው። ይኼኛው ግን በአማርኛ ነው፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር በዚያ ቤት የሚያነበው የለም።

«ከመሄዴ በፊት ቼክ ሳደርግ ቦርከና አጠገብ ቢጫ ምልክት አየሁ። ከማይቀዳው ክፍል ነው። መለስኩት። ሪኖ መድረሱንም አይቻለሁ። ዘይነባ ናት፤ ቸኩላ ነው። ራሷ እስክትነግረኝ አልናገርም።»

ፊደሎቹ ድፍርስርስ አሉብኝ።

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ጁምዓ ላይ ነበርሽ» አሉ። «ማሽኑን መመለስ አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አንቺ ግን ራስሽ ትነግሪኝ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር። ማሪቪክ በር ላይ ነገረችኝ፤ ማንቂያውን ከመጫንሽ በፊት ነው የተናገርሽው አለችኝ።»

«ዘግይቼ ነው።»

«አንድ ዐይኔ ነው የተሸፈነው፣ ዘይነባ። በሌላው አያለሁ።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «በል ውሰደኝ፣ ዶክተሩ ተኚ ብሏል።»

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን እንደለወጠኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ጥንቃቄ የፍርሃት ዓይነት ይመስለኝ ነበር። እትዬ ንግሥት ይፈራሉ እል ነበር። ለካ የማያዩአቸውን ሰዎች እየወደዱ ነው። ሀያት ስትወለድ ስሟን ሳያውቁ በየወሩ ስም ሲጠሩላት ኖረዋል። እኔ ሆስፒታል ተቀምጬ ይህን ከረጢት ያዘጋጁትን እጆች አላህ ይጠብቅ ስል ዱዓዬ ለማን እንደሚደርስ አላውቅም ነበር።

ሌላም ተማርኩ። ጥፋቴን የተናገርኩት ቦርከና ይጠፋል ብዬ ነው፤ እሱ አልጠፋም። ግን ባልናገር ስልኩ አይደወልም ነበር። ደብተሩ በመጨረሻው ግልባጭና በአደጋው መካከል የተቀየረ ነገር ካለ ጠይቁ ይላል፤ እኔ ግን አረንጓዴውን ሳይ ሁሉ አለቀ ብዬ ያንን መስመር ዘልዬው ነበር። ያቺ ሕፃን ከፍ ያለው ስኳር ይደርሳት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ሱጁድ ላይ እቆያለሁ።

እናንተም ያልጨረሳችሁትን ሥራ ለመናገር አትፈሩ። ጅምር ነው ብላችሁ ጻፉት። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የምጽፈው፤ ደብተሩ የእኔ ጅምር ሞልቶበታል።

እትዬ ንግሥት ጡረታ ወጥተዋል። ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። በዒድ እጠይቃቸዋለሁ፤ በፋሲካ ይጠሩኛል። በሰላቴ ስማቸውን አነሳለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ። «ጨምሪልኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ሲደርስ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ማሪቪክ አሁን በበሩ አታልፍም። ጓንቷን አውልቃ ስክሪኑ ፊት ትቀመጣለች። እኔ እጠራለሁ፤ እሷ ትመልሳለች። ሃያ አንደኛው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

«ቦርከና?»

«አለ።»